የግቢያችንን ሣር ለያዙልን አትክልተኛ ምስጋና፣ ለጎንደር ሰው ደግሞ ጥቆማ

ማራኪና አዘዞ አካባቢ የግቢ ሣር የሚንከባከቡ አትክልተኛችንን በአደባባይ ማመስገን ፈልገን ነው። ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ!

ሥራቸውን የምንወደው ከሣሩ በፊት አፈሩን ስለሚያዩ ነው። ዋልካ የሆነ ግቢ ክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ዝናቡ ሳይጠና በየ10 ሜትር ርዝመቱ ከ10 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ዝቅ እያለ የሚሄድ የውሃ መውረጃ ያበጃሉ። እግር ያደደረውን ቦታ ባለ አራት ጥርስ ሹካ ይዘው 10 ሴንቲ ሜትር ያህል እየወጉ ይከፍቱታል፣ ከዚያ የተነፋ ብስባሽ ከአሸዋ ጋር ቀላቅለው በስሱ ይበትናሉ፤ ከ1 ሴንቲ ሜትር አያልፍም። ይህን ነሐሴ ላይ ሥሩልን ብትሏቸው እሺ አይሉም። የራሰ ዋልካ ሲወጋ ቀዳዳው ተለስኖ ይዘጋል፣ የተረገጠውም ይብሱን ይጠጥራል።

ማዳበሪያ ላይ ጥንቁቅ ናቸው። ለ100 ካሬ ሜትር 1 ኪሎ ዩሪያ፣ አንዴ ሰኔ ዝናቡ ሲረጋ፣ አንዴ መስከረም አጋማሽ። ግማሹን በቁመት፣ ግማሹን በአግድም፣ ቅጠሉ ደረቅ ሳለ ይበትኑና ወዲያው ያጠጡታል። ዩሪያ 46 በመቶው ናይትሮጅን ነው፤ እርጥብ ቅጠል ላይ ከቀረ ሣሩን ያቃጥላል፣ ኃይለኛ ዝናብ ሊመጣ ሲል ከተበተነ ደግሞ ቦይ ይወስደዋል። ያልበሰለ ፍግ አያስገቡም፤ የአረም ዘር ይዞ ይመጣል።

አጨዳው ከሁሉም ይበልጣል። ኪኩዩ የሚባለውን ሣር ከ4 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ሰርዶን 3 ገደማ ያስቀሩታል፤ በአንድ ጊዜ ከቁመቱ ከሲሶ በላይ አይቆርጡም። እስከ አፈሩ የተላጨ ሣር ሥሩን የሚመግብበት ቅጠል ያጣል፣ በባዶው ቦታ አረም ይገባበታል። ክረምት ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት ስለሚመጣ ጤዛው ሲረግፍ ረፋዱ ላይ ያጭዳሉ። ከታጨደ በኋላ የሣሩ ጫፍ ከነጣ ስለቱ ደንዟል ማለት ነው፤ እሳቸው ሳይስሉ አይጀምሩም።

እንግጫን በእጅ አይነቅሉትም፤ ሥሩ ላይ ያለው እንክብል መሬት ውስጥ ከቀረ ተመልሶ ይበቅላል፣ ስለዚህ ቆፍረው ያወጡታል። ማገጥ በዛ ማለት ብዙ ጊዜ ሣሩ ናይትሮጅን አንሶታል።

ከጥቅምት በኋላ ነገሩ ውሃ ነው። ለ1 ካሬ ሜትር አንድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን በሳምንት አንዴ፣ በማለዳ። የደረሰውን ጥልቀት ለማወቅ ካቻቢቴ ይወጉበታል፤ ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ሳይቸግር መግባት አለበት። በየቀኑ ላይ ላዩን ማርከፍከፍ ሥሩን ላይ ያስቀረዋል። አስሉት እንግዲህ፦ ለ100 ካሬ ሜትር በሳምንት 2 ሜትር ኩብ ውሃ ነው። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ከባድ ስለሆነ ሣሩን እንድታሳንሱ በግልጽ ይነግሯችኋል፤ ይህ ሐቀኝነታቸው በጣም ያስደስተናል። ኪኩዩና ሰርዶ በጋ ቢገረጣም ሥሩ ከቆየ በዝናብ ያቆጠቁጣል። የልብስ እጣቢ ግን አትድፉበት፤ በሳሙናው ውስጥ ያለው ሶዲየም ዋልካውን ያጠጥረዋል።

ማሽን የራሳቸው የላቸውም፣ በግቢው ማሽን ነው የሚሠሩት። ስልካቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁን። መስከረም ላይ ሰው ስለሚሻማባቸው ከጳጉሜ በፊት ቀጠሮ ያዙ።