ሃሜት፣ ቻንድለር ወይስ ሞዝሊ፦ መጀመሪያ የቱን ልግዛ?

የአሜሪካን የወንጀል ልብ ወለድ አንብቦ ለማያውቅና ለአንድ መጽሐፍ ብቻ ብር ላለው ሰው ነው የምጽፈው። ሦስቱንም ደራሲዎች ደጋግሜ አንብቤያቸዋለሁ፣ ሦስቱንም እወዳቸዋለሁ፤ ግን እኩል አይደሉም። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ዳሺየል ሃሜት ፒንከርተን በሚባለው ድርጅት መርማሪ ሆኖ ሠርቷል። ያስታውቃል። በ1930 በወጣው «ዘ ማልቲዝ ፋልከን» ውስጥ ሌሊት ስልክ ይጮኻል፣ ዋናው ገጸ ባሕርይ፣ የግል መርማሪው ስፔድ፣ የሥራ ባልደረባው መሞቱን ይሰማል፣ ከዚያ ሲጋራ ይጠቀልላል። ጣቶቹን፣ ወረቀቱን፣ ትምባሆውን አንድ በአንድ እናያለን፤ አዘነ ወይስ ግድ አልሰጠውም፣ አንዲት ቃል የለም። ሴራው ቀዳዳ የለውም፣ እንግሊዝኛውም አጭር ነው። የሰው ልብ ውስጥ መግባት የሚወድ ግን ደጅ ቆሞ ይቀራል።

ሬይመንድ ቻንድለር ሌላ ነው። ዓረፍተ ነገሮቹ ያሰክራሉ፣ ሎስ አንጀለስን እንደሱ የሳላት የለም ብል አላጋነንኩም። ሴራ ላይ ግን ይንሸራተታል። በ«ዘ ቢግ ስሊፕ» (1939) የአንድ ሹፌር ሬሳ ከነመኪናው ከባሕር ይወጣል፤ ተገደለ ወይስ ራሱን ገደለ? መጽሐፉን ወደ ፊልም የሚለውጡት ሰዎች ቢጠይቁት ቻንድለር ራሱም አላወቀውም። የዘመኑ የአራዳ ቋንቋም ስለሚበዛበት በትምህርት ቤት እንግሊዝኛ ብቻ ለሚያነብ ይከብዳል። እኔን የሚያመኝ ደግሞ ሌላ ነው፦ «ፌርዌል ማይ ላቭሊ» (1940) አንድ ግዙፍ ነጭ የጥቁሮች መጠጥ ቤት ሲገባ ይጀምራል፣ የቤቱ አስተዳዳሪ ይገደላል፣ ታሪኩም ሟቹን ወዲያው ረስቶ ይሄዳል።

በ1990 ዋልተር ሞዝሊ «ዴቪል ኢን ኤ ብሉ ድሬስ»ን ሲያወጣ እሱም ከዚያው ከተማ፣ ከጥቁሮች መጠጥ ቤት ነው የጀመረው። ነጭ ሰውዬ ይገባል። አሁን ግን የምናየው ቤት ውስጥ በነበረው ጥቁር፣ በኢዚ ሮውሊንስ ዓይን ነው። ጊዜው 1948 ነው፤ ኢዚ ከጦርነት ተመልሷል፣ ከአውሮፕላን ፋብሪካ ተባሯል፣ የቤቱ ዕዳ መክፈያ ደርሶበታል። ያቺን ቤት ላለማጣት ሲል ነው አንዲት ሴት ፍለጋ የሚወጣው፣ ፍርሃቱም እዚያ ስለሆነ አብረነው እንፈራለን። ድክመት አለው፤ መሃል ላይ ሰው ስለሚበዛ ስም መመዝገብ ያስፈልጋል።

የፖሊስ ሥራ ከነዝርዝሩ ለሚጥመው ማይክል ኮኔሊ አለ፤ የወንጀል ዘጋቢ የነበረ ነው። አጻጻፉ ግን ከቻንድለር አጠገብ ሲቀመጥ ደረቅ ነው።

አንድ ብቻ ከሆነ ሞዝሊን ግዙ። ለሁለት ከበቃችሁ «ፌርዌል ማይ ላቭሊ»ን ጨምሩና የሁለቱን የመጀመሪያ ምዕራፍ በአንድ ምሽት አንብቡ፣ ቻንድለርን አስቀድማችሁ።