ክሪስታል ሲቲ የባቡር ጣቢያ፦ ፕላትፎርሙ ይቀየራል፣ የባቡሩስ ሰዓት?

ከዲሲ ፖቶማክን ተሻግሮ አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ ያለው ክሪስታል ሲቲ ሲባል አበሻ ሁሉ የሚያስበው የከተማውን ባቡር፣ ሜትሮውን ነው። እኔ የምጽፈው ስለ ሌላኛው ጣቢያ ነው፤ ክሪስታል ድራይቭ ላይ ከሕንጻዎቹ ጀርባ ስለተደበቀው፣ ቪአርኢ የሚባለው ባቡር ስለሚቆምበት። ይህ ጣቢያ በአዲስ ሊተካ ነው። አዲሱ ከአሁኑ ቦታ ወደ ደቡብ ፈቀቅ ብሎ ይሠራል። አሮጌው ሳይዘጋ የተጠቃሚ አስተያየቴን ላስቀምጥ ብዬ ነው።

ከአምስት ኮከብ ሦስት ሰጥቼዋለሁ። ለባቡሩ ምቾት ብቻ ቢሆን አራት ተኩል እሰጥ ነበር።

ለማታውቁት፣ ቪአርኢ ከሰሜን ቨርጂኒያ ከተሞች ሠራተኛ እየጫነ ዲሲ የሚያደርስ ባቡር ነው። ሥራ የጀመረው በ1992 ነው። ሁለት መስመር አለው፤ አንዱ በማናሳስ፣ ሌላው በፍሬድሪክስበርግ በኩል ይመጣል። አሌክሳንድሪያ ላይ ይገናኙና በክሪስታል ሲቲና በላንፋንት አድርገው ዩኒየን ስቴሽን ይገባሉ።

እኔ የምኖረው ዉድብሪጅ ነው። እኛ ዘንድ ሜትሮ አይደርስም፤ ሰማያዊው መስመር ፍራንኮኒያ ስፕሪንግፊልድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ምርጫችን ወይ በተጨናነቀው 95 አውራ ጎዳና ላይ መቆም ነው፣ ወይ ስለግ መሰለፍ ነው፣ ወይ ባቡር ነው። ስለግ ማለት የማታውቀው ሰው መኪና ውስጥ በነጻ ገብተህ መሄድ ነው። ሹፌሩ ሦስት ሰው ከሞላለት በኤክስፕረስ ሌኑ፣ ማለትም በሚከፈልበት ፈጣን መስመር፣ ሳይከፍል ያልፋል፤ ሁለታችሁም ትጠቀማላችሁ። ይህን በስልክ ሳስረዳት እናቴ አማተበች። ከዚያ ወዲህ ባቡር ላይ ነኝ።

ባቡሩን እወደዋለሁ። ፉርጎዎቹ ባለ ሁለት ፎቅ ናቸው፤ ግን የላይኛው ፎቅ መሐሉ ክፍት ነው፣ መቀመጫ ያለው በግራና በቀኝ ብቻ ነው። ይህ የሆነው በትኬት ምክንያት ነው። ተቆጣጣሪው ታች እንደቆመ ቀና ብሎ የላዩንም የታቹንም ትኬት ያያል፤ ደረጃ መውጣትና መውረድ የለበትም። ላይ ያሉት ወንበሮች ነጠላ ነጠላ ናቸው። አጠገባችሁ ማንም አይቀመጥም። ለእንቅልፍ ከዚያ የተሻለ ቦታ የለም። ከዉድብሪጅ እንደተነሳችሁ ኦኮኳን ወንዝን ትሻገራላችሁ። ሎርተን ላይ ሰውንም መኪናንም ጭኖ ፍሎሪዳ የሚወርደው የአምትራክ (የአገር አቋራጩ ባቡር ድርጅት) ባቡር መነሻ አለ። አሌክሳንድሪያ ስትደርሱ ኮረብታው ላይ ለጆርጅ ዋሽንግተን መታሰቢያ የቆመው ትልቁ ግንብ ይታያችኋል። ያን ሲያዩ ጫማ የሚያስሩ ሰዎች የእኔው ፌርማታ ሰዎች ናቸው።

ጣቢያው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጣቢያ ለመባልም ያንሳል። አንድ ፕላትፎርም፣ አጠገቡ አንድ ሃዲድ፣ በቃ። ማረፊያ አዳራሽ የለውም። እንደ ሜትሮው ካርድ የሚነካበት በርም የለውም፤ ከመንገድ ተነስታችሁ ቀጥ ብላችሁ ትገባላችሁ። እኔ ይሄንን ነው የምወድለት። ደረጃ የለ፣ ሊፍት የለ፣ ከፉርጎው ወርዳችሁ ወዲያው መንገድ ላይ ናችሁ። ከጎኑ ዎተር ፓርክ የሚባለው ትንሽ መናፈሻ አለ፤ በ2023 ታድሶ ተከፍቷል። በመናፈሻው በኩል በሃዲዱ ሥር አልፎ ማውንት ቨርነን ትሬይል የሚባለው የእግርና የሳይክል መንገድ ላይ የሚያወጣ መተላለፊያም አለ። ከዚያ ናሽናል ኤርፖርት በእግርም በሳይክልም ይኬዳል። ዝናብ ከሆነ ደግሞ ክሪስታል ድራይቭን ተሻግራችሁ በመሬት ሥር ባለው የሱቆች መተላለፊያ ሳትረጥቡ እስከ ሜትሮው ትደርሳላችሁ።

ችግሩ ምንድን ነው? ፕላትፎርሙ አጭር ነው። አምስት ፉርጎ ነው የሚችለው። ባቡሩ ከዚያ ሲረዝም የተወሰኑት በሮች ከፕላትፎርሙ ውጭ ይቀራሉ፤ መውረድ የፈለገ በፉርጎዎቹ ውስጥ እየተራመደ ወደሚከፈተው በር መሄድ አለበት። የክረምት ካፖርት ለብሳችሁ፣ ቦርሳ ይዛችሁ፣ ሰው ቆሞበት ባለ መተላለፊያ።

ከርዝመቱ የከፋው ግን አንድ ጎን ብቻ መሆኑ ነው። ጠዋት ወደ ዲሲ የሚሄደውም፣ ማታ የሚመለሰውም የሚቆመው በዚያው በአንዱ ሃዲድ ነው። አንዱ ሲቆም ሌላው ይጠብቃል። ሃዲዶቹ ላይ ደግሞ የጭነት ባቡርና አምትራክም አሉ። ከዚያ ወደ ዲሲ ስትሉ ፖቶማክን የሚያሻግረው ሎንግ ብሪጅ ይመጣል። በ1904 የተሠራ ድልድይ ነው፣ ያለው ሁለት ሃዲድ ነው፣ ሁሉም የሚያልፈው በእሱ ነው። ቪአርኢ ባቡር ልጨምር ቢል እንኳ የት ያሳልፈው?

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። እኔ ዛሬ የቀን ሥራ አለኝ፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከጠዋት እስከ ማታ። ይህ ባቡር ለእኔ ተለክቶ የተሰፋ ነው። ከዚህ በፊት ግን ኤርፖርት አካባቢ ፓርኪንግ ውስጥ በሺፍት እሠራ ነበር። ያኔም የምኖረው ዉድብሪጅ ነበር። ባቡሩን አንድ ቀን ተሳፍሬበት አላውቅም። ምክንያቱም ባቡሩ በአብዛኛው ጠዋት ወደ ዲሲ ይገባል፣ ከሰዓት በኋላ ከዲሲ ይወጣል። ከሌሊት ሺፍት ጠዋት የሚወጣ ሰው ወደ ቤቱ ልሂድ ሲል ባቡሩ ሁሉ ከፊት ለፊቱ ነው የሚመጣው። ቅዳሜና እሑድ ጭራሽ የለም።

ባለቤቴ እስካሁን እዚያው ኤርፖርት ትሠራለች። ሺፍቷ በየሳምንቱ ይቀያየራል። እኔ ወንበሬ ላይ ተኝቼ ስሄድ እሷ 95 ላይ ብሬክ ትረግጣለች። የሥራ ቦታችን እኮ ጎን ለጎን ነው።

አንድ ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ ዎተር ፓርክ ሄጄ ነበር። አንድ ወጣት የሥራ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ጣቢያው መግቢያ ላይ ቆሟል። ፊቴን አይቶ ለየኝ መሰለኝ፣ በአማርኛ "ጋሼ፣ የዉድብሪጁ ባቡር አለፈ እንዴ?" አለኝ። "አይ የኔ ወንድም፣ ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ የለም" አልኩት። "ነገስ?" አለኝ። ነገም የለም። ሜትሮው እስከ ስፕሪንግፊልድ እንደሚያደርሰው ነገርኩትና ተሰነባበትን። ናሽናል ኤርፖርት ሰባት ቀን ነው የሚሠራው። አጠገቡ ያለው ባቡር አምስት ቀን።

ስለዚህ አዲሱን ጣቢያ የምመዝነው በዚህ ነው። እቅዱ በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ፕላትፎርሙ በሃዲዶቹ መሐል ይሆናል፤ ሁለት ባቡር በአንድ ጊዜ ግራና ቀኝ መቆም ይችላል። ስምንት ፉርጎ ያለውም ባቡር ሙሉ በሙሉ ይቆምበታል። ለሜትሮውም ለኤርፖርቱም ከአሁኑ ይቀርባል። አርሊንግተን ካውንቲ ከክሪስታል ሲቲ ወደ ኤርፖርቱ የሚያሻግር የእግረኛ ድልድይ አቅዷል፤ እሱም ከአዲሱ ጣቢያ ጋር እንዲያያዝ ነው የታሰበው። የሚቀርብን ነገር ያ ከፉርጎ ወርዶ ቀጥታ መንገድ ላይ መውጣት ነው። መሐል ላይ ወዳለ ፕላትፎርም ለመድረስ ሃዲድ መሻገር ግድ ነው፤ ሃዲድ መሻገር ካለ ደረጃና ሊፍት አለ። ሊፍት ካለ ደግሞ የተበላሸ ሊፍት አለ። ያው አሜሪካም ቢሆን ሊፍት ሊፍት ነው።

ሕንጻና ፕላትፎርም ግን ብቻውን ባለቤቴን ከመኪናዋ አያወርዳትም። እሷን የሚያወርዳት የባቡሩ ሰዓት ነው። እሱ ደግሞ የተንጠለጠለው በሃዲዱና በድልድዩ ላይ ነው። በአሌክሳንድሪያና በክሪስታል ሲቲ መካከል አራተኛ ሃዲድ ይጨመራል ተብሏል። ከአሮጌው ሎንግ ብሪጅ ጎን ሁለት ሃዲድ ያለው አዲስ ድልድይ እየተሠራ ነው፤ ግንባታው በ2024 በይፋ ተበስሯል፣ እንዲያልቅ የታቀደው በ2030 ነው። አሮጌው ለጭነት፣ አዲሱ ለመንገደኛ ይሆናል። ያኔ "ቦታ የለንም" የሚለው ምክንያት ይቀንሳል። ቅዳሜን፣ እሑድንና የተቃራኒ አቅጣጫውን ባቡር ማንም ሳይጠይቅ እንደ ስጦታ የሚሰጥ ግን አይመስለኝም። ስለ ጣቢያው ሕዝብ አስተያየት ሲጠየቅ ሰው የሚያወራው ስለ ጣራና ስለ ሳይክል ማቆሚያ ነው። ኤርፖርት የሚሠራው አበሻ ያን ሰዓት ሺፍት ላይ ነው። የቀነስኳቸው ኮከቦች ለዚህ ናቸው፤ አጭሩን ፕላትፎርምስ ለምደነዋል።

እስኪቀየር ድረስ የቀን ሥራ ያላችሁ ተጠቀሙበት። ዉድብሪጅ መኪና ማቆሚያው ነጻ ነው። ትኬት ባቡር ውስጥ አይሸጥም፤ ቀድማችሁ በአፑ ወይም በማሽኑ ግዙ። በአፑ ከገዛችሁ ከመሳፈራችሁ በፊት አስጀምሩት፤ ገዝታችሁ ሳታስጀምሩት ብትገኙ ትኬት እንደሌለው ነው የምትቆጠሩት። ዋጋው በዞን ነው፣ በየቀኑ ለሚሄድ የወር ትኬቱ ይሻላል። መሥሪያ ቤታችሁ የትራንስፖርት ድጎማ የሚሰጥ ከሆነ ጠይቁ፤ ብዙ ሰው መብቱ እንደሆነ ሳያውቅ ከኪሱ ይከፍላል። የማታው የመጨረሻ ባቡር ካመለጣችሁ በሰማያዊው ሜትሮ እስከ ፍራንኮኒያ ስፕሪንግፊልድ ሄዳችሁ መኪና ያለው ሰው መጥራት ነው። ጠዋት ስትሳፈሩ ደግሞ ለክሪስታል ሲቲ የትኞቹ በሮች እንደሚከፈቱ ተቆጣጣሪውን ጠይቁና እዚያው ፉርጎ ውስጥ ተቀመጡ።