በረዶ ሲዘጋን፦ ፍሪዘር ወይስ ደረቅ ስንቅ?

እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ "በረዶ ሊጥል ነው" ከተባለ ዳቦና ወተት ከመደርደሪያ ይጠፋል። ሐበሻው ደግሞ ወደ እንጀራ ይሮጣል። ጥር 2016 (እ.ኤ.አ.) ዋሽንግተን አቅራቢያ ባለው ዱለስ አየር ማረፊያ ላይ 74 ሴንቲ ሜትር ያህል በረዶ ወርዷል። ዋሽንግተን ውስጥ የከተማው ባቡርም (ሜትሮ) አልሠራም። እንዲህ ሲሆን የሚበላው ቤት ውስጥ ያለው ምግብ ብቻ ነው።

ፍሪዘር መሙላት ይመቻል። ወጡን በትንንሽ ዕቃ፣ እንጀራውን አጣጥፎ በፌስታል። ከዚያ ማሞቅ ብቻ። ጣጣው መብራት ሲሄድ ነው። ሙሉ ፍሪዘር ካልተከፈተ 48 ሰዓት ያህል ይይዛል፤ ግማሽ ከሆነ 24። ፍሪጁ ግን 4 ሰዓት ብቻ። ልጆች ባሉበት ቤት "አትክፈቱ" ማለት ደግሞ ዘበት ነው።

ደረቅ ስንቅ ይህ ሁሉ ጭንቀት የለበትም። ቆሎ፣ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ በሶ። ሽሮ እንኳ እሳት ይፈልጋል፤ ምድጃው የኤሌክትሪክ ከሆነ አለቀ። (ከሰል ቤት ውስጥ ማቀጣጠል እንዳይታሰብ፣ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ይገድላል።) በሶ ግን ውሃና ትንሽ ጨው ይበቃዋል፤ ጨበጥ ጨበጥ አድርጎ መጉረስ ነው።

እኔ ለደረቁ አደላለሁ። አንድ እሽግ እንጀራ ግን ፍሪዘር ውስጥ አይጠፋም፤ ሦስት ቀን ሙሉ በሶ ማን ይችላል?