ስቶንሄንጅ ወይስ ኤቭበሪ?

ሁለቱም እንግሊዝ ዊልትሸር ውስጥ ያሉ በክብ የቆሙ የጥንት ድንጋዮች ናቸው፣ ዩኔስኮም በ1986 እ.ኤ.አ. አንድ ላይ ነው የመዘገባቸው፣ አጎበኛኘታቸው ግን ለየቅል ነው።

ዋጋ፦ ስቶንሄንጅ በትኬት ነው፣ ቀደም ብለህ ኦንላይን ብትገዛ ይረክሳል። ኤቭበሪ ድንጋዮቹን ማየት በነፃ፣ መኪና ከያዝክ ፓርኪንግ ትከፍላለህ በቃ።

መንገድ፦ ስቶንሄንጅ ይቀላል፣ ከለንደን በባቡር ሶልስበሪ ከዛ በቱሪስት ባስ። ኤቭበሪ በስዊንደን በኩል አውቶብስ አለ፣ መኪና ያለው ግን ተገላገለ።

ስቶንሄንጅ ላይ በተራው ትኬት መሃል አትገባም፣ ገመዱን ተከትለህ ዞረህ ፎቶ አንስተህ ትመለሳለህ፣ መሃል ለመግባት ለብቻው የሚሸጥ የማለዳ ወይ የማታ ትኬት አለ። ኤቭበሪ ደግሞ ክቡ ከመትለቁ የተነሳ ከመንደሩ ከፊሉ ውስጡ ነው ያለው፣ አስፋልት መንገድ ሁሉ ያልፍበታል፣ በጎች ይግጣሉ፣ አንተም ድንጋዩን ደገፍ ብለህ ብትቀመጥ ማን ይከለክልሃል!

ምግብ፦ ስቶንሄንጅ ያለው ካፌ ነው፣ ሳንድዊች ምናምን። ኤቭበሪ ግን እዛው ድንጋዮቹ መሃል ሬድ ላየን የሚባል ፐብ (ምግብም ያለው መጠጥ ቤት) አለ። እንግሊዝ ፐብ ውስጥ ቁጭ ብለህ አስተናጋጅ ብትጠብቅ ብዙ ጊዜ ማንም አይመጣም፣ ባንኮኒው ጋ ሄደህ የጠረጴዛህን ቁጥር ነግረህ ቀድመህ ትከፍላለህ (ለኛ ሰው መጀመሪያ ላይ ግራ ነው)። ፆም ላይ ከሆንክ ቺፕሱ በምን እንደተጠበሰ ጠይቅ፣ በበሬ ስብ የሚጠብሱ ቤቶች አሉ።

ለንደን ተቀምጦ አንድ ቀን ብቻ ላለው ስቶንሄንጅ፣ መኪና ለተከራየና ልጆች ለያዘ ኤቭበሪ። በመኪና ከሆነ በመሃላቸው አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ስለሆነ ጠዋት አንዱን ከሰዓት ሌላውን ማየትም ይቻላል።