ኤኦስሪ፦ ማስታወቂያም መራጭም የሌለው የፋን ፊክሽን ማኅደር

ፋን ፊክሽን፣ ማለትም አድናቂዎች በሚወዱት መጽሐፍ ወይም ፊልም ገጸ ባሕርያት ላይ ተመሥርተው የሚጽፉትን ድርሰት፣ የሚያነብ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አርካይቭ ኦፍ አወር ኦውን መድረሱ አይቀርም። ባጭሩ ኤኦስሪ (AO3) ይሉታል። አንዴ ገብቶ ግራ ተጋብቶ የሚወጣውም ብዙ ነው፤ ማኅደሩ ምንም ነገር አይመርጥላችሁምና። ማስታወቂያ የለም፣ «ይህንንም ሊወዱት ይችላሉ» የሚል ጥቆማ የለም፣ አንዱን ድርሰት ወደ ላይ ሌላውን ወደ ታች የሚገፋ ስሌት የለም። አንድ ፋንደም (በአንድ መጽሐፍ፣ ፊልም ወይም ሌላ ሥራ ዙሪያ የተሰባሰበ የአድናቂዎች ዓለም) ስትከፍቱ የምታገኙት በቅርብ የታደሰው ከላይ፣ የቆየው ከታች ሆኖ የተደረደረ ዝርዝር ብቻ ነው። እኔ ይህን የማኅደሩ ትልቁ ጥንካሬ አድርጌ ነው የማየው። ጥቅሙ የሚገኘው ግን አንባቢው ፊልተሩን (ዝርዝሩን ማጣሪያውን) ካወቀበትና ጸሐፊው ታጉን (የድርሰቱን መለያ ቃላት) በሐቅ ከሞላ ነው።

ከጀርባው ያለው ኦርጋናይዜሽን ፎር ትራንስፎርማቲቭ ወርክስ የተባለ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት ሲሆን የተመሠረተው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው። ጊዜው አድናቂዎች በነጻ በሚጽፉት ድርሰት ገንዘብ ለማግኘት ያሰቡ ኩባንያዎች ብቅ ያሉበት ነበር፤ «የራሳችን ሰርቨር ይኑረን» የሚለው ሐሳብም የመጣው ከዚያ ነው። ማኅደሩ በ2009 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ተከፈተ፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለሳይንስ ልቦለድና ለፋንታሲ ሥራዎች የሚሰጠውን የሁጎ ሽልማት አገኘ። ወጪው በመዋጮ ይሸፈናል፣ ሥራውን በጎ ፈቃደኞች ይሠሩታል።

የነዚህ በጎ ፈቃደኞች ድካም በደንብ የሚታየው ታጉ ላይ ነው። ጸሐፊ ታጉን እንደፈለገው መጻፍ ይችላል። አንዱ የገጸ ባሕርያቱን ሙሉ ስም፣ ሌላው ቅጽል ስማቸውን፣ ሦስተኛው ቅደም ተከተሉን ገልብጦ ይጽፋል። ታግ አስተካካዮቹ እያንዳንዱን አይተው ከአንድ መደበኛ ታግ ጋር ያያይዙታል፤ አንባቢ መደበኛውን ሲጫን ሁሉም ይመጣለታል። ይህን ያህል የተስተካከለ መለያ ሌላ የፋን ፊክሽን ቦታ ላይ አላየሁም። ምልክቶቹንም ልብ በሉ፦ በሁለት ስሞች መካከል «/» ካለ ግንኙነቱ የፍቅር ወይም የወሲብ ነው፤ «&» ካለ ጓደኝነት ወይም ቤተሰብነት ነው። ጀማሪ ጸሐፊዎች ይህን ሲያምታቱ የጓደኝነት ታሪክ ፈልጎ የመጣ አንባቢ ሌላ ነገር ይጠብቀዋል።

ከሁሉ በላይ ሰው የሚሳሳተው ማስጠንቀቂያው ላይ ነው። ማኅደሩ የግድ እንዲገለጹ የሚጠይቃቸው አራት ነገሮች አሉ፦ በዝርዝር የተገለጸ ጥቃት፣ የዋና ገጸ ባሕርይ ሞት፣ አስገድዶ መድፈር፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ሰዎች ያሉበት ወሲብ። ከነዚህ ሌላ ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ እነሱን መለየት ግዴታ ነው። አንዱ «ማስጠንቀቂያ የሚያሻው ነገር የለም» ይላል፤ ይህ ማረጋገጫ ነው። ሌላው «ማስጠንቀቂያ ላለመስጠት መርጫለሁ» ይላል፤ ይህ ከአራቱ የትኛውም ሊኖር ይችላል ማለት ነው፣ ሁሉም ላይኖሩም ይችላሉ። ጸሐፊው የታሪኩን መጨረሻ ላለማጋለጥ ሲል ብቻ ሊመርጠው ይችላል። ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ቆጥሮ የሚገባ አንባቢ ሲደነግጥ ጥፋቱን በጸሐፊው ላይ ማሳበቡ ልክ አይደለም። ማኅደሩ ለልጆች የተዘጋጀ አለመሆኑም በግልጽ መነገር አለበት። አካውንት ለመክፈት ዝቅተኛው ዕድሜ 13 ነው፤ በዕድሜ ደረጃ ግን ከለጋ እስከ ፍጹም የአዋቂ ድረስ ሁሉም ጎን ለጎን ተቀምጧል።

አብዛኛውን ድርሰት ለማንበብ አካውንት አያስፈልግም። ኮምፒውተር ላይ ፊልተሩ ከዝርዝሩ በስተቀኝ ነው፤ ስልክ ላይ ከላይ ያለውን የፊልተር ቁልፍ ስትጫኑ ይወጣል። ላይኛው ክፍል የምትፈልጉትን የምታካትቱበት፣ ቀጥሎ ያለው የማትፈልጉትን የምታስወጡበት ነው። ያላለቀ ታሪክ ለሚያናድደው ሰው ያለቁትን ብቻ የሚያሳይ ምርጫ አለ። የቃላት ብዛትም መገደብ ይቻላል፤ ከ5,000 እስከ 40,000 ብላችሁ ብትሞሉ ከአንድ ቁጭታ ንባብ እስከ ጥቂት ምሽቶች የሚሆን ታገኛላችሁ። ዝርዝሩን በኩዶስ (አንባቢ መውደዱን በአንድ ጠቅታ የሚገልጽበት ምልክት) ብዛት መደርደር ብዙዎች መጀመሪያ የሚሞክሩት ነው፤ ግን ያሳስታል። ኩዶስ ከዓመታት ጋር የሚከማች ስለሆነ የቆየ ድርሰት ብዙውን ጊዜ ከላይ ይሆናል፤ አንድ ሰው ለአንድ ድርሰት መስጠት የሚችለውም አንዴ ብቻ ስለሆነ 40 ምዕራፍ ተከታትሎ ያነበበና አንድ ገጽ ያነበበ እኩል ይቆጠራሉ። በቡክማርክ (አንባቢዎች ድርሰቱን ለራሳቸው ባስቀመጡበት ምልክት) ብዛት ደርድሩ፣ የታደሰበትን ቀንም ወደ ቅርብ ጊዜ ገድቡ፤ ሰዎች ተመልሰው ሊያነቡት ያስቀመጡት ይወጣላችኋል። ማስወጣት ደግሞ የራሱ ዋጋ አለው። የማትወዱትን የገጸ ባሕርያት ጥንድ ስታስወጡ ያ ጥንድ በአንድ መስመር ብቻ የተጠቀሰበት ግሩም ታሪክም አብሮ ይሄዳል፤ ጸሐፊው ታግ ያላደረገው ነገር ግን ከዝርዝሩ ፈጽሞ አይወገድም።

በገባችሁ ቁጥር ፊልተሩን እንደገና መሙላት ከሰለቻችሁ ውጤቱ የወጣበትን ገጽ በብራውዘራችሁ ላይ አስቀምጡት፤ ምርጫዎቹ ከአድራሻው ጋር አብረው ይቀመጣሉ። የወደዳችሁትንም አውርዱ። ከፋይል ዓይነቶች ኢፐብ፣ ሞቢ፣ ኤዜድደብሊው3፣ ፒዲኤፍና ኤችቲኤምኤል አለ፤ ለስልክ ኢፐብ ይሻላል፣ ፊደሉን ማሳደግና ማሳነስ ያስችላልና። «በኋላ ላንብብ» የሚለው ቁልፍ የሚይዘው መገኛውን ብቻ ነው። ጸሐፊው ድርሰቱን ካጠፋው እናንተም ጋ ይጠፋል።

ወደ መጻፉ ስንመጣ፣ አካውንት የሚከፈተው በግብዣ ነው። ኢሜይላችሁን ሞልታችሁ ወረፋ ትይዛላችሁ፤ ግብዣው ካልደረሳችሁ የኢሜይላችሁን የስፓም ሳጥን እዩ። ድርሰት ሲለጠፍ የዕድሜ ደረጃ፣ ማስጠንቀቂያ፣ ፋንደም፣ ርዕስ፣ ቋንቋና ጽሑፉ ራሱ ግዴታ ናቸው። የፋንደም፣ የግንኙነት፣ የገጸ ባሕርይና የተጨማሪ ታጎች ድምር ከ75 መብለጥ አይችልም፤ በእኔ አመለካከት ግን ከ15 በላይ የሚያስፈልገው ድርሰት ጥቂት ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ሻይ ይዞ ብቅ የሚልን ገጸ ባሕርይ ታግ ማድረግ፣ ያን ገጸ ባሕርይ የሚወዱትን አንባቢዎች ማታለል ነው። መግለጫው እስከ 1,250 ፊደል ይፈቅዳል፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃዋል። «መግለጫ መጻፍ አልችልም» ብሎ የሚጀምር መግለጫ አንባቢን ያባርራል፤ ከታሪኩ ሁለት መስመር ቆርጦ ማስገባት እጅግ ይሻላል።

ከጎግል ዶክስ ገልብጣችሁ ስትለጥፉ ሰያፍ ፊደል ያለበትን ቦታ በደንብ ፈትሹ። ከሰያፉ ቃል በኋላ ትርፍ ክፍተት ይገባና ነጥቡ ወይም ነጠላ ሰረዙ ብቻውን ተገንጥሎ ይቀራል። መለጠፍ ያለባችሁ በሪች ቴክስት (የፊደሉን ቅርጽ እንዳለ በሚቀበለው ሳጥን) በኩል ነው፤ በኤችቲኤምኤል በኩል ከለጠፋችሁ ሰያፉ ራሱ ይጠፋል። ቅድመ ዕይታውን ሳታነቡ አትልቀቁ። ረቂቁን እዚያ አስቀምጣችሁ አትርሱ፤ ያልተለጠፈ ረቂቅ ወር ገደማ ሲሆነው በራሱ ይሰረዛል፣ ስለዚህ ዋናው ቅጂ ሁልጊዜ እናንተ ዘንድ ይሁን። በረቂቅ የቆየን ምዕራፍ ስትለቁም የምዕራፉን ቀን የዚያን ዕለት አድርጉት፤ የድሮው ቀን ከቀረ ታሪኩ ወደ ዝርዝሩ አናት ሳይወጣ ይቀራል። ሥዕል ማኅደሩ ላይ አይጫንም፤ ሌላ ቦታ አስቀምጦ በአድራሻ ማስገባት ነው። ለድርሰቱ ገንዘብ መጠየቅ፣ የመዋጮ አድራሻ መለጠፍም ጭምር፣ የተከለከለ ነው። ይህ ክልከላ ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ፤ የሌላ ሰው ገጸ ባሕርያት ላይ የተገነባ ድርሰት ከንግድ ሲርቅ በሕግም በኅሊናም ይበልጥ ይጠበቃል።

ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ፋንፊክሽን ዶት ኔት የድሮ ድርሰቶች ሀብት አለው፤ ማስታወቂያው ግን ንባብ ያቋርጣል፣ መለያውም ጠባብ ነው። ዋትፓድ አንባቢ በየአንቀጹ አስተያየት እንዲሰጥ ስለሚፈቅድ ጀማሪ ጸሐፊ ቶሎ ምላሽ ያገኝበታል። ኤኦስሪ ላይ ዝምታው ይከብዳል። ትልቅ ፋንደም ውስጥ የተለጠፈ አጭር ድርሰት በሰዓታት ውስጥ ከመጀመሪያው ገጽ ይወርዳል፤ ትንሽ ፋንደም ውስጥ ለሳምንታት ፊት ለፊት ይቆያል። አንባቢዎች ሆይ፣ አንድ የወደዳችሁትን ዓረፍተ ነገር ጠቅሳችሁ ሁለት መስመር ጻፉ፤ ለጸሐፊው ከመቶ ኩዶስ ይበልጥበታል።

ሌሎች ጉድለቶችም አሉ። የገጹ ቁልፎችና ምናሌዎች እንግሊዝኛ ብቻ ናቸው፣ ድርሰቱ በየትኛውም ቋንቋ ቢሆንም። የራሱ የስልክ መተግበሪያ የለውም፤ በስሙ የሚወጡት ሁሉ የሌላ ሰው ሥራ ስለሆኑ የይለፍ ቃላችሁን አትስጧቸው። በብራውዘር ማንበብ ይበቃል።

መጻፍ ያቆመ፣ ወይም በድሮ ድርሰቱ የሚያፍር ሰው ከመሰረዙ በፊት «ኦርፋን» (ወላጅ አልባ) የሚለውን አማራጭ ይመልከት። ድርሰቱ ይቀራል፣ ስሙ ግን ይነሳል፤ አስተያየቶቹና ኩዶሶቹም ይቆያሉ። አንዴ ከተደረገ ግን መመለሻ የለውም፤ ማረምም ማጥፋትም አይቻልም። ስለዚህ ስማችሁ ወይም ሌላ ግላዊ መረጃ በመግቢያው ማስታወሻ ውስጥ ካለ አስቀድማችሁ አውጡት።