የነከሰ ሞተር ለማላቀቅ የትኛውን ፈሳሽ ልግዛ?

ለዓመታት የቆመ ክላሲክ መኪና ሞተሩ አልዞር ሲል ብዙ ሰው ቀጥታ ዘይት ሊገዛ ይሄዳል። ከዚያ በፊት የነከሰው የቱ እንደሆነ ይለይ። ካምቢዮውን ፍሪ አድርጉ፣ ቺንጊያውን አውጡ፣ ሞተሪኖውን (የሞተር ማስነሻውን) ፍቱት። የዛገ የውሃ ፓምፕ ወይም ቮላኖው (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ጥርሳም ከባድ ክብ ብረት) ላይ የተቀረቀረ የሞተሪኖ ጥርስ ጤነኛ ሞተር አስሮ ሊይዝ ይችላል። እነዚህ ወጥተው፣ ካንዴላዎቹም ተፈትተው ሞተሩ አሁንም ካልዞረ፣ ብዙ ጊዜ ችግሩ የፒስተን ፋሻ (ፒስተኑን የሚከበው የብረት ቀለበት) ከሲሊንደሩ ጋር በዝገት መጣበቁ ነው። ሞተር ሲቆም ከቫልቮቹ አንዳንዱ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ርጥበት በማርሚታ በኩል በዚያ ይገባና የሲሊንደሩን ግድግዳ ያዝጋል።

ማላቀቂያ ፈሳሹ የሚጨመረው በካንዴላ ቀዳዳ ወደ ሲሊንደሩ ነው። ናፍጣ ርካሽ ነው፣ ቶሎ አይተንም፣ ቅባትም አለው። ጠባብ ክፍተት ውስጥ የሚገባው ግን በዝግታ ነው። ለሳምንታት ዘፍዝፎ መጠበቅ ለሚችልና ዝገቱ ቀላል ለሆነለት ሰው ይበቃል።

ደብሊው ዲ 40 (ዋናው፣ የተለመደው ዓይነት) በ1953 የተሠራው ውሃን ከብረት ላይ ለማስወገድ ነው። አብዛኛው ይዘቱ ቀላል ሟሟት ስለሆነ ይተንና ስስ ቅባት ብቻ ይተዋል። ለካንዴላ ጥርስና ለጋዝ ገመድ ጥሩ ነው፤ ቀናት ለሚፈጅ የፋሻ ሥራ ግን አልመርጠውም። በዚያው ስም ለዛገ ቡሎን ተብሎ የሚሸጥ ሌላ ዓይነት ስላለ ጣሳውን አንብባችሁ ግዙ።

እንደ ክሮይልና ፒቢ ብላስተር ያሉት ሰርጎ ገብ ዘይቶች ለዚሁ ሥራ የተዘጋጁ ናቸው፤ ችግራቸው መጠኑ ላይ ነው። ለአንድ ሲሊንደር 50 ሚሊ ሊትር ብትሉ፣ ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ሙሌት 200 ሚሊ ሊትር ይጠጣል። አንድ የተለመደ ጣሳ ሁለተኛውን ሙሌት አይደርስም። ብልጫቸው ቀጭኑ ቱቦ ነው፤ የተጣበቀ ቫልቭ ግንድ ላይ በትክክል ይረጫል። እንደ ቮልስዋገን ቢትል ሲሊንደሩ በጎኑ በተኛ ሞተር ላይም የፈሰሰው ዘይት ታች ይጠራቀምና የፋሻው ላይኛ ክፍል ደረቅ ይቀራል። እዚያ በቱቦ ወደ ላይ መርጨት ግድ ነው።

ለተቀሩት፣ ማለትም ሲሊንደሩ ቆሞ ፋሻው ለነከሰበት ሞተር፣ ምርጫዬ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ዘይትና አሴቶን እኩል በእኩል ነው፦ 100 በ100 ሚሊ ሊትር ለ4 ሲሊንደር። አሴቶኑ ዘይቱን አቅጥኖ ወደ ክፍተቱ ያስገባዋል፤ እሱ ሲተን ዘይቱ እዚያው ይቀራል። ሁለቱ ተዋህደው አይቆዩም፤ በጨመራችሁ ቁጥር በደንብ በጥብጡ። አሴቶን ቀለም ይልጣል፣ አንዳንድ ፕላስቲክ ያቀልጣል፣ ትነቱም በቀላሉ ይቀጣጠላል። ስለዚህ በብረት ዕቃ ያዙት፣ ባትሪውን ንቀሉ፣ ሥራውን ነፋስ በሚገባበት ቦታ ሥሩ።

ካንዴላውን ሳታጠብቁ መልሱትና በማግስቱ ቀጭን ሽቦ አስገብታችሁ ከፍታውን ለኩ። ፈሳሹ ከወረደ በፋሻው ዙሪያ እየሰረገ ነው ማለት ነው፤ ደግማችሁ ሙሉት። ለቀናት ካልወረደ ዝገቱ ክፍተቱን ደፍኖታልና ትዕግሥት ያስፈልጋል።

ለማዞር ሞተሪኖ አትጠቀሙ፤ ማርሽ አስገብቶ መኪናውን መጎተትማ ጭራሽ አይታሰብ። ፋሻ ይሰበራል፣ የቫልቭ ዘንግ ይጎብጣል። የምትገዙት መሣሪያ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ እጀታና ለኮሎው (ፒስተኖቹ ለሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ፑሌጃ ቡሎን የሚሆን ክብ መፍቻ (ቡሶላ) ነው። ፑሌጃው ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉና ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ ቀስ ብላችሁ ጫኑ። ምልክቱ 2 ሚሊ ሜትር ከሄደ በጉልበት አትቀጥሉ። ወደ ኋላ መልሱት፣ ፈሳሽ ጨምሩ፣ እንደገና ሞክሩ። ወደ ኋላ ስትመልሱ ቡሎኑ ራሱ እንዳይፈታ ተጠንቀቁ።

በካንዴላ ቀዳዳ ግራሶ በፓምፕ መጫንም የሚሠራ ዘዴ ነው። ሁለቱም ቫልቮች መዘጋት ስላለባቸውና ግራሶውን ማጽዳት አድካሚ ስለሆነ ግን፣ እዚያ ከደረሳችሁ ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) ማንሳት ይሻላል።

ሞተሩ ሲላቀቅ ካንዴላ ሳትመልሱ፣ ቀዳዳዎቹን በጨርቅ ሸፍናችሁ ደጋግማችሁ በእጅ አዙሩ። ፈሳሽ አይታመቅምና ሲሊንደር ውስጥ የቀረ ከሆነ ሞተሪኖው ሲዞር ቢየላ (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘውን ክንድ) ያጣምማል። ሰርጎ የወረደው ደግሞ የሞተር ዘይቱን አቅጥኖታል፤ ከማስነሳታችሁ በፊት ዘይቱንም ፊልትሮውንም ለውጡ። ሞተሩ እየዞረ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ድንገት የሚቆም ከሆነ ግን ጉዳዩ ዝገት ላይሆን ይችላል፤ ተጣብቆ የቀረ ቫልቭ ወይም የተሰበረ ፋሻ ሊሆን ስለሚችል ቴስታታው ይነሳ።