አዲስ አበባ ላይ ከቅርብ የመጣ ምግብ ፍለጋ፦ የተጠቀምኩባቸው አገልግሎቶችና የምሰጣቸው ነጥብ

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምበላው እንጀራ ወይ አይዳሆ ከበቀለ ጤፍ የተጋገረ ነው፣ ወይ ደግሞ አዲስ አበባ ተጋግሮ በአውሮፕላን የመጣ። ስለዚህ ዘንድሮ ለፍልሰታ አገር ቤት ስገባ አንድ ነገር ወሰንኩ። ከቅርብ የመጣና ማን እንዳመረተው የሚታወቅ ነገር ልበላ ነው። አክስቴ ስትሰማ ሳቀች። «እኛ ሌላ ምን እንበላለን ብለሽ ነው?» አለችኝ። እሷ እንዳለችው ቀላል ግን አይደለም። የት እንደምትገዙ ካላወቃችሁ ገንዘባችሁን ለደላላና ለማሸጊያ ከፍላችሁ ትመለሳላችሁ።

ዋጋ አልጽፍም። ብር በሐምሌ 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዛሬ ዋጋ ለነገ አይሠራም፣ እኔም ዶላር እየመነዘርኩ «ርካሽ ነው» ብል ነዋሪው ይታዘበኛል።

የእሁድ ገበያን ወድጄዋለሁ። በየክፍለ ከተማው መንገድ ይዘጋና ድንኳን ይተከላል፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ እንቁላል፣ ጤፍ፣ ዘይት ሁሉም አለ። ሐሳቡ አምራቹና የገበሬ ዩኒየኑ በቀጥታ እንዲሸጡ ነው። አንድ ኪሎ ሽንኩርት ከመቂ ተነስቶ ማሳ ላይ በደላላ ይያዛል፣ ኃይሌ ጋርመንት ይራገፋል (አትክልት ተራ በኮሮና ጊዜ ከፒያሳ ወደ ጃንሜዳ ሄዶ ከዚያ ነው ወደዚያ የተዛወረው)፣ ከዚያ ቸርቻሪው፣ ከዚያ ጉሊቷ፣ እያንዳንዱ የራሱን እየጨመረ እናንተ ጋ ይደርሳል። እሁድ ገበያ ላይ ይህ ሰንሰለት ያጥራል፣ ያውም ሻጩ እውነተኛ ከሆነ። ምክንያቱም አንዳንዱ ሌሊት ኃይሌ ጋርመንት ጭኖ ጠዋት «ከማሳዬ» የሚል ነው። እኔ የምለየው በጥያቄ ነው። መቼ ነው የተነቀለው? ምን ዓይነት ዘር ነው? ገበሬ ከሆነ ወሬው አያልቅም፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ማዳበሪያው፣ ስለ መንገዱ ይነግራችኋል። ነጋዴ ከሆነ «እናት፣ ትገዢያለሽ አትገዢም?» ይላል። ሁለቱንም ሰምቻለሁ።

በጠዋት ሂዱ። አራት ሰዓት ካለፈ ጥሩ ጥሩው ተለቅሟል። ዘንቢል ያዙ፣ በ2017 የወጣው አዋጅ ፌስታልን ከልክሏል። ቴሌብር በየድንኳኑ ይቀበላሉ፣ ነገር ግን የአገር ቤት ሲም ካላወጣችሁ ጥሬ ብር ይሻላል።

አሁን ስለ ጎመን። ይህን ዘመድ ሁሉ ሲሰማኝ ፈረንጅ ሆነሽ መጣሽ ይለኛል፣ ግን እናገራለሁ። አዲስ አበባ ውስጥ የሚሸጠው ቅጠላ ቅጠል ብዙው የሚለማው በትንሹና በትልቁ አቃቂ ወንዝ ዳር ነው። ወንዞቹ የቆዳ ፋብሪካውንም የመኖሪያ ቤቱንም ፍሳሽ ተሸክመው ነው የሚወርዱት፣ እዚያ በለማ ጎመንና ሰላጣ ላይ ክሮሚየምና እርሳስን የመሰሉ ከባድ ብረቶች መገኘታቸውን ተመራማሪዎች ደጋግመው ጽፈዋል። አጥቦ መብላት ጀርሙን ይቀንሳል እንጂ ሥሩ የጠጣውን ብረት አያወጣም። ማለትም ቅርብ ስለሆነ ብቻ ንጹህ ነው ማለት አይደለም። ገበያ ላይ ስጠይቅ መልሱ ሁልጊዜ «ከገጠር» ነው። ከየትኛው ገጠር ስትሉ ዝም።

ያገኘሁት መፍትሔ ከአክስቴ ቤት ሁለት በር አልፎ ነበር። ጎረቤቷ ጓሮዋ ላይ ጎመን፣ ቆስጣና ጤና አዳም ተክላለች፣ ቦታ ሲጠባት ደግሞ ጆንያ ውስጥ አፈር ሞልታ ቀጥላለች። የሌማት ትሩፋት የተባለው የመንግሥት መርሐ ግብር በ2015 ከተጀመረ ወዲህ የከተማ ግብርና የሚባለው ነገር ወሬው ሰፊ ነው፣ በቴሌቪዥን የምናየው ሁሉ ሰፈር ውስጥ አለ ባልልም፣ የእሷን ጓሮ በዓይኔ አይቻለሁ። ክረምት ስለሆነ ውሃው የዝናብ ነው። ለቤቷ የተረፈውን ትሸጣለች፣ እኔም ጠዋት ሄጄ ከነጤዛው አስቆርጣለሁ። ሙሉ ነጥብ።

ወፍጮ ቤት ግን ከሁሉም በላይ ነው። ጤፉን ከእህል በረንዳ በዘመድ በኩል አስገዛን፣ የአድዓ ነጭ። መጀመሪያ ሰፈር ውስጥ እህል የምታበጥርና የምትለቅም ሴት ተጠራች፣ ጠጠሩንና እንክርዳዱን እያወጣች ግማሽ ቀን ተቀመጠች፣ እጇ እንዴት እንደሚፈጥን ብታዩ። ከዚያ ወፍጮ ቤት ወረፋ። የጤፉ ወፍጮ ከበርበሬው ለብቻ ስለሆነ እንጀራችሁ አያስነጥሳችሁም። እዚያው ቆማችሁ የራሳችሁን እህል ስታስፈጩ ሳጋቱራ ተቀላቀለ፣ ሌላ ዱቄት ገባ የሚል ሥጋት የለባችሁም። ዱቄቱ ትኩስ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ ቤት ስትደርሱ ከረጢቱን ከፍታችሁ አቀዝቅዙት። ጉድለቱ መብራት ነው። ሲጠፋ ወረፋው እስከ ውጭ ይሰለፋል፣ ወፍጮ አስፈጪውም ትዕግሥቱ ያልቃል። ጆሮዬ ውስጥ ጫጫታው እስከ ማታ ነበር።

ስለ አንድ በስልክ የሚታዘዝ የአትክልት አድራሽ ደግሞ፣ ስሙን አልጠራም፣ ትንሽ ልማረር። «ከገበሬ በቀጥታ» ይላል ማስታወቂያው። የመጣልኝ ቲማቲም በፎም ሳህን ላይ ተደርድሮ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ እንደገና ሌላ ላስቲክ ውስጥ ገብቶ ነው። ድንቹ ከየት ነው ብዬ አድራሹን ብጠይቀው ወደ ቢሮ ደወለ፣ ቢሮውም አያውቅም። ከዚያ ደግሞ ከውጭ የገባ ፖም እንድገዛ ይገፋፋኛል፣ ጨንቻ ፖም እያበቀለ! ግማሹ ቲማቲም ተፈጥርቆ ነበር፣ ገንዘቤን ለማስመለስ የፈጀብኝ ጭቅጭቅ ከቲማቲሙ ዋጋ በላይ ነው። ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ «ኦርጋኒክ» ተብሎ የሚሸጠውም ያው፣ ማን እንደመሰከረለት ማሸጊያው ላይ ፈልጌ አጣሁ።

ሸማቾች ሱቅ ደህና ነው። ስኳሩና ዘይቱ ለነዋሪ ስለሆነ እሱን ለአክስቴ ተውኩት፣ ምስርና ክክ ግን ገዛሁ። የሸኖ ቅቤ ለፍልሰታ ፍቺ አስመጥተናል፣ በሰው በሰው። ቅቤ ላይ የሚቀላቀለው ብዙ ስለሆነ ሻጩን የማያውቅ ሰው ባይገዛ ይሻለዋል። መንገድ ዳር የሚጠበሰውን የበቆሎ እሸት ደግሞ ማንም አይከልክላችሁ፣ ክረምቱ ሲያልፍ እሱም ያልፋል።

እንጀራውን የጋገረችልን ሰፈር ውስጥ በትእዛዝ የምትጋግር ሴት ናት። ዱቄቱን ወስደን ሰጠናት፣ እርሾው የራሷ፣ በሦስተኛው ቀን ደርሶ በመሶብ መጣ። ዓይኑ የሚያምር፣ የማይደርቅ፣ ሽሮ የሚሸከም። ስልኳን ላኪልን ለምትሉኝ፣ አልሰጥም። ትእዛዝ በዝቶባታል፣ አክስቴም ተራዋን ማጣት አትፈልግም። ያረፋችሁበት ሰፈር ባለሱቁን ጠይቁ፣ ማን እንደምትጋግር ያውቃል።